ብርሃን የሚያውቀው ግራ ዓይን

ሙልታን ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ብሌን ሁለት ጊዜ ይታያል። አንዷ ነርስ ለብርሃን ይጠብ እንደሆነ በባትሪ አብርታ ታያለች፤ ሌላዋ ደግሞ የፊተኛዋን መልስ ሳትሰማ ትደግማለች። የሰው ዓይን ሊያይ የሚፈልገውን ያያልና አንዲቷን ብቻ ማመን አይቻልም።

ከሞተር ሳይክል ወድቆ ራሱን የሳተውን ዛዋርን ያን ረፋድ መጀመሪያ ያየችው ሻግፍታ ነበረች። ከዚያ ሩቢና ጎንበስ ብላ አየችው።

«ቀኙ ወይ ፍንክች! ግራው ግን ይጠባል» አለች ሩቢና።

ሻግፍታም ያየችው ይህንኑ ነበር። እፎይ ብላ አልጋው አጠገብ ወደ ቆሙት እናቱ ዞረች። «እማማ፣ አይዞዎት። ግራ ዓይኑ ብርሃን ያውቃል።»

እናትየው ትክ ብለው አዩዋት። «ግራው? እሱማ መስታወት ነው ልጄ። የራሱ በልጅነቱ የክሪኬት ኳስ መቶት ፈሰሰ። ይኼንን በየጠዋቱ አጥቤ የማደርግለት እኔ ነኝ።»

ሩቢና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ጉድ ፈላ! ሁለታችንም አንድ ላይ ታወርን በይኛ!»

ሻግፍታ ግን አልሳቀችም። «እርግጠኛ ነዎት እማማ?»

አሮጊቷ ወደ አልጋው ጎንበስ አሉ። የልጃቸውን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርገው፣ እንደ ለመዱት መስታወቱን በአውራ ጣታቸው አወጡት። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ መዳፋቸው ላይ አረፈ።

ሩቢና ሳቋን ትታ ቀረብ አለች። እመዳፋቸው ላይ፣ ጥቁሩ ብሌን ቀስ እያለ ጠበበ።

እናትየው በሻሻቸው ጫፍ ሸፈን አደረጉት።

«ፀሐይ አይወድም» አሉ።