አልለቅም ያለው ቀለም

ፈርሂያ፣ እንደነገርኩሽ ጻፊው፤ አታሳምሪው።

ከኛ ሰፈር ወደ መካነ ሰላም ገበያ የሚያሻግረው ያ ድልድይ ብቻ ነው። ጊዜው የግምገማ ጊዜ ነበር። ሁሉ ነገር በሪፖርት መቶ በመቶ፤ ድልድያችንም መቶ በመቶ። ክረምቱ እንደወጣ ኸባብ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ስለ ድልድዩ አንድ ነገር ልበል ሲል፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ጋሹ ካፉ ነጠቀው። ጨለምተኛ ተባለ። ግለ ሂስ አድርግ ተባለ፤ አደረገ። ከዚያ ወዲያ ስለ ድልድዩ ክፉ የሚያወራ ጠፋ።

ጀላል ያኔ ከጅዳ መመለሱ ነው። የጎረቤቴ የአስያ አንድ ልጅ። እዚያ የምግብ ቤት ግድግዳ ሲቀባ ከርሞ፣ ዓይን የሚያታልል ሥዕል ተምሮ መጣ። እስቲ ድልድያችንን አስጊጥልን ተባለ። ሰዉ አዋጥቶ ቀለሙን ከደሴ አስመጣ፣ ሽማግሌዎቹ ዱዓ አደረጉ፣ ልጁ ጀመረ።

የዳር ግንቡ ላይ አንድ ቁና ስንዴ ሣለ። የየሻለም ዶሮ ስትለቅመው ዋለች። ቀጥሎ ውሻ ሣለ፤ በየት በኩል ብታልፊ ዓይኑ ይከተልሻል። እኔ ራሴ ወላሂ ሂድ ብዬዋለሁ።

ከዚያ ወሬው ሁሉ ስለ መሃሉ ሆነ። መንገዱ መሃል ላይ ክብ የአበባ ጉንጉን፣ አበባው ውስጥ ጥቁር ጉድጓድ፤ ውስጡ ውሃ ሲሄድ ይታያል። ደፋር ነኝ ባዩ ሁሉ ጠርዝ ጠርዙን ነው የሚያልፈው። አህዮቹም ግንቡን ታከው ሲያልፉ ጭነታቸው የውሻውን ጆሮ ፋቀው። ጋሹ ይህን ሲሰማ፣ አህዮቹንም የቀሰቀሰ ጸረ ልማት አለ አለ።

ሀሊማ ብቻ ደስተኛ ናት። ልብስ የምታጥበው ከድልድዩ ሥር ነው፤ ድሮ እዚያ ጨለማ ነው እያለች ታማርር ነበር፣ ያን ዓመት ማማረሯን ተወች።

እንዲህ እያለ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ጋሹ ሱፍያን የሚባለውን የባህል ባለሙያ አስከትሎ ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆመ። ሱፍያን ኮርስ ወስዷል። አንገቱን ወዲህ ወዲያ አለና፣ ይሄ ከሩቅ የሚታይ ጥበብ ነው፣ ከቀረቡት ይበላሻል አለ። አልቀረቡትም። ጋሹን ግን ላብ አጠመቀው። እንግዶቹ ድልድዩ ተበስቷል ብለው ቢሄዱስ?

ጀላልን አስጠርቶ አጥፋው አለው።

«እሱን እንኳ እኔ ላጠፋው አልችልም» አለ ጀላል። «ሌላ ሰው ቢፈልጉ ይሻላል።»

እምቢተኛ ተብሎ ጣቢያ ገባ። የጅዳ ቪዛው ደርሶ ተመልሶ ሊሄድ ነበር እኮ፤ እናቱ ደግሞ ከሱ ሌላ ጧሪ የላትም። አስያ ሻሿን ጠምጥማ ጋሹ ቢሮ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ።

«ጉድጓዱ ከጠፋ ልጅሽ ይፈታል» አላት።

«እስቲ አንድ ጊዜ ቀረብ ብለው ይዩት፣ አቶ ጋሹ።»

«ባለሙያ አይቶታል። አንቺ ከባለሙያ ትበልጫለሽ?»

አስያ ኸባብ ትዝ ያላት መሰለኝ። ቀና ብላ አየችኝ፣ አየኋት። እሺ፣ እናጥባለን አለች።

እንግዶቹ በሚመጡበት ጠዋት እኛ ሴቶቹ ኦሞ፣ አሸዋና ባልዲ ይዘን ወጣን። ጋሹ ወንበር አስመጥቶ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ፈተግን። ስንዴው ለቀቀ። ውሻው ለቀቀ፤ እስኪጠፋ ድረስ ሲያየን ነበር። አበባውም ለቀቀ። ጋሹ ከወንበሩ ሆኖ መሃሉን እሹት እንጂ ይላል። እኛ ዙሪያውን እናሻለን።

የእንግዶቹ መኪና ደረሰ። ወርደው ከጋሹ ጎን ቆሙ። አንዱ መነጽሩን አውልቆ ወለወለና መልሶ አጠለቀው።

«ሲያዩት እኮ እውነተኛ ነው የሚመስለው» አለ። «ምን ዓይነት ቀለም ቢሆን ነው የማይለቀው?»

«የውጭ አገር ቀለም ስለሆነ ነው፤ አሁን ይለቃል» አለ ጋሹ። ወደኛ ዞሮ ደግሞ፣ «በይ አስያ፣ ውሃ ጨምሪበት እንጂ» አላት።

አስያ ቢስሚላህ ብላ ባልዲውን እንዳለ መሃሉ ላይ ደፋችው።

«ማነሽ አንቺ» አለች ሀሊማ ከሥር፣ «ራሴ ላይ ውሃ የምትደፊብኝ?»