የሞሳ መመለስ

ስቴይኑን አይስላንድን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ በፈረስ አቋርጣ ግቢያችን ስትደርስ ቀትር ነበር። ሰባ ዓመት ያለፋት የባሌ የኬቲል ታላቅ እህት ናት። አምና ዳሌዋ ተሰብሮ ሆስፒታል ሳለች፣ ኬቲል ሞሳ የምትባለውን ግራጫ ባዝራዋን ሳያስፈቅዳት ባሕር ማዶ ሸጦባታል። ከአገራችን የወጣ ፈረስ ደግሞ በሕግ ፈጽሞ ተመልሶ አይገባም።

«እህት ዓለም! ያ ዳሌሽ እንዴት ቻለልሽ?» አለ ኬቲል እየሳቀ። ወዲያው የተቀመጠችባትን ባዝራ አየና ሳቁን ዋጠው። «ይህቺን ከየት አመጣሻት?»

«ራሷ መጣች። አንተ ጋ የሚያደርሰው መንገድ ጠፍቷት ነበር፤ እኔ አሳየኋት።»

«ሞሳን የሚመስል ፈረስ ሞልቷል፤ አታሞኚኝ!»

ከቆዳ ሥር የተቀበረ መለያ የሚያነበውን መሣሪያ ከጋጣው አመጣ። የባዝራዋን አንገት በግራ እጁ ደግፎ በቀኙ አስጠጋው። መሣሪያው ጮኸ። ቁጥሩን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሞሳ እኮ ሞታለች» አለ በቀስታ። «የገዟት ሰዎች ደውለው ነግረውኛል።»

«ታዲያ መቼ አልሞተችም አልኩህ?» ስቴይኑን ወርዳ ኮርቻውን ፈታች። «የእኔ መንገድ እዚህ አበቃ። የቀረው የአንተና የእሷ ነው።»

ኬቲል ግራ እጁን ሊያነሣ ሞከረ። «ኧረ እጄ!» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «እጄ አልላቀቅ አለኝ!»

ሮጬ ክንዱን ሳብኩት። መዳፉ ከባዝራዋ ቆዳ ጋር አንድ ሆኗል። እሷ ጋጣውን ዞር ብላም አላየችው፤ ፊቷን ወደ ባሕሩ መልሳ፣ እሱን እየጎተተች፣ በእርጋታ መራመድ ጀመረች።