እስከ ነገ ጠዋት

ባሏ ስልኳን ከደበቀባት ጀምሮ እጇ ማረፊያ አጣ። «እስከ ነገ ጠዋት ብቻ ታገሺኝ» ነበር ያላት፣ ዓይን ዓይኗን ሳያይ። እሷ ግን ነገሩ የገባት መሰላት፤ ባለፈው ወር «ይሄ ስልክ ትዳራችንን በላው፤ አንድ ቀን እቀማሻለሁ» ብሎ የዛተውን መፈጸሙ ነው። እንደ ሕፃን ሊቀጣት!

ሽንኩርት ልትከትፍ ተቀመጠች። ግማሹን ሳታደርስ ያ የለመደችው ሐሳብ መጣባት፤ ሰው ሁሉ እሷ በሌለችበት እየተጫወተ ነው፣ አንድ ነገር አምልጧታል። «አንዴ ብቻ አይቼ እመልሰዋለሁ» አለች ለራሷ፤ ሁልጊዜም የምትለው ይህንኑ ነው። ባሏን ጎረቤት ጠርቶት ወደ በር ሲወጣ ጓዳ ገብታ በረበረች። ከጤፉ ጆንያ ሥር አገኘችው።

ፌስቡክ ስትከፍት መጀመሪያ የመጣላት የታናሽ ወንድሟ ፎቶ ነው። ጅማ ሥራ ከያዘ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አላየችውም። ጣቷ እንደ ልማዱ ቀድሞ ላይክ አደረገ። ጽሑፉን ያነበበችው ከዚያ በኋላ ነው፤ «ወንድማችን፣ ነፍስህን ፈጣሪ በገነት ያኑራት።»

ከበር የባሏ ድምፅ ይሰማል።

«ኧረ ገና አልሰማችም። ነገ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እናረዳታለን።»