የመስኮቱ ዳር አልጋ

የመሥሪያ ቤቱ ካፌ አብሳይ ባሏን መጠርጠር የጀመረችው ከቃጠሎው በፊት ነው። አንድ ቀን ከሥራ ሊወስዳት መጥቶ ስለ ባልደረባዋ «ይቺ ልጅ ጨዋታ አዋቂ ናት» አለ። ልጅቷን ሁሉም «ሳቂታዋ» ይላታል። ከዚያ ወዲያ ሳቋን በሰማች ቁጥር አብሳይዋ አንጀቷ እርር ይላል።

በቃጠሎው ቀን፣ መጀመሪያ የፈላ ዘይት አብሳይዋ እጅ ላይ ተገለበጠ። ጥበቃው የጥርስ ሳሙና ይዞ ሮጦ መጣ።

«ዞር በል! እሷ የሚያስፈልጋት ውሃ ነው!» አለችው ሳቂታዋ።

የአብሳይዋን እጅ ቧንቧ ስር ያዘችላት። ጣቷ ሳያብጥ ብላ የባሏ ስም የተቀረጸበትን ቀለበት አወለቀችና እንዳይጠፋ በራሷ ሽርጥ ኪስ ከተተችው። ምድጃውን ማጥፋት ግን ማንም ትዝ አላለውም። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የጋዝ ሲሊንደሩ ፈነዳ።

አሁን ሁለቱም የቃጠሎ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተኝተዋል። ፊታቸውም እጃቸውም አብጦ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ጉሮሯቸው ውስጥ ቱቦ ገብቷል። የአብሳይዋ አንድ ዓይን ብቻ በፋሻው መሃል ያያል። ለቅናት ደግሞ አንድ ዓይን መች አነሰ! ቀኑን ሙሉ ባሏን ስትጠብቅ ትውላለች።

ባሏ በየቀኑ ይመጣል። በሩ አጠገብ ወደተኛችው ወደ እሷ ጎንበስ ይልና «እንዴት ዋልሽ እህቴ» ይላታል። እህቴ! ሰባት ዓመት አብራው የኖረችውን! ከዚያ ወንበር ስቦ መስኮቱ ዳር፣ ሳቂታዋ ጋ ይቀመጣል። አፉን ወደ ጆሮዋ አስጠግቶ ያንሾካሹካል። የሳቂታዋ ፋሻ ሲቀየር ኮሪደር ወጥቶ ያለቅሳል። ያውም ዓይኗ እያየ!

ይሄም ይሁን። አንድ ቀን ነርሷ «ከሽርጧ ኪስ የተገኘ ነው» ብላ ትንሽ ፖስታ ሰጠችው። ከውስጡ ቀለበቱን አወጣና በክር አስሮ ከሳቂታዋ ራስጌ አንጠለጠለው።

የእሷን ቀለበት! አብሳይዋ ደሟ ፈላ። ልትጮህ ሞከረች፤ ቱቦው ብቻ ተንኮራኮረ። መነሳት ብትችል ሁለቱንም ታንቅ ነበር።

ባሏ ድምፁን ሰምቶ መጣ። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«አይዞሽ እህቴ፤ ጥበቃው ሁሉንም ነግሮኛል። ሚስቴን ያኔ ውሃ ስር ስለያዝሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ።»