አንዲቷ ትራንዚስተር

የቀበሌው ሊቀመንበር ካቻቢቴውን ከጠረጴዛው አንስቶ ለፈድሊያ አቀበላት። «ፍቺና ስጪኝ» አለ። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ትራንዚስተር ተቃጥሎ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጊንጆ ሰፈር ወጣቶች በዚያው ማጉያ ለጦር ዘመቻ ሊጠሩ ነው። በጅማ የቀረችው አንዲት ደህና ትራንዚስተር፣ ፈድሊያ ራዲዮ በምትጠግንበት ሱቅ ውስጥ፣ ዓመት ሙሉ በለፋችበት፣ ትንሽ መብረቅ በሚያመነጭ ቴስላ ኮይል ሥር፣ የመዳብ ሽቦ ከተጠመጠመበት ቱቦ አጠገብ ታስራ ነበር።

«መብረቅ መሥራት ለአብዮቱ ምን ይፈይዳል?»

«ለእኔ ነው የሠራሁት፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ሁለት ብሎን ፈታችና ትራንዚስተሯ ሙቀቷን የምታበርድበትን የአሉሚኒየም ሳህን አውልቃ አስቀመጠች። ሽቦዎቹን ግን አልነካቻቸውም። «ከመውሰድዎ በፊት አንዴ ይዩት» ብላ አሮጌ የፍሎረሰንት አምፖል አስጨበጠችውና ገመዱን ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘች። ከቱቦው ጫፍ ሐምራዊ ብልጭታ ተፍተለተለ። አምፖሉ ያለ አንዳች ሽቦ በሊቀመንበሩ እጅ ላይ ቦግ አለ።

«ኧረ በሚካኤል» አለ፣ ጓድነቱን ረስቶ። ወዲያው ደነገጠና፣ «በቃ፣ አጥፊው» አላት።

«ትንሽ ይታገሡኝ።»

እጇን ከገመዱ ሳታነሳ ቆየች። ያለ ሳህኗ የምትሠራ ትራንዚስተር ዕድሜዋ ከደቂቃ እንደማይዘልቅ ታውቅ ነበር። የተቃጠለ ነገር ሸተተ፤ አምፖሉም ጠፋ። ያን ጊዜ ትራንዚስተሯን በፒንሳ ነቅላ ዘረጋችለት።

«አሁን ይውሰዷት። ወላሂ፣ ሌላ የለኝም።»

ሻሿን አጥብቃ አሰረችና፣ እሱ ቅደሚ ሳይላት ወደ ቀበሌው እስር ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዘች።