የይርጋነሽ ተራ

«ያንቺን ተራ ለፈንታነሽ ሰጠናት። አታስቢ፤ አንቺ እረፊ» ትላለች አስናቀች፣ ከሞጣ ያመጣችውን ብርቱካን ከራስጌው እያስቀመጠች።

ደስ የሚላት መስሏት ነው። የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ሴቶች ተመካክረው የታመመች ጓደኛቸውን ከድግስ ሲያሳርፏት፣ ምሥራቹን ይዛ በማለዳው መኪና እንድትመጣ የላኳት እሷን ነው። ይርጋነሽ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ካንሰሩ ከጡቷ ተነሥቶ አጥንቷ ከገባ ወዲህ ቢቸና ልጇ ቤት ናት። እዚህ ሐኪሙ ቅርብ ነው፤ ስርጉትም እናቷን እንደ እንቁላል ነው የምትይዛት። ሰው ግን፣ ልጆቼ፣ አልጋ ላይ ሲውል ልቡ አገሩን ይዞራል። እሷም ዓይኗን ስትጨፍን ሞጣ ናት። በየወሩ ከቤት ቤት የሚዞረውን ጽዋ ትከተላለች፤ ማን እንደደገሰ፣ ለማን እንዳስረከበ ታስባለች። «ከንጋት ቤት ቀጥሎ እኔ ቤት» እያለች ነው የከረመችው።

«ሳልሞት አለፋችሁኝ?»

«ኧረ በስመ አብ! ለድካምሽ አስበን እኮ ነው፣ እቴ!»

«እማዬ፣ ሲሻልሽ ትደግሻለሽ» ትላለች ስርጉት ፈጠን ብላ።

«እንደማይሻለኝ አንቺም ታውቂያለሽ፤ እኔም አውቃለሁ፣ ልጄ።»

እናትና ልጅ ይህን ነገር ሲደባበቁት ነው የከረሙት። ማስታገሻውን ይዛ ቤት ለቤት የምትመጣው ነርስ ሊድያ ከተቀመጠችበት ተነሥታ የስርጉትን እጅ ትይዛለች።

«እናቴ፣ ምን ይደረግልዎ?»

«ጽዋውን ያምጡልኝ። የሚመጣውን ወር እኔ ልደግስ፤ ሰዎቼ እዚህ ይብሉ፣ ይጠጡ።»

«ጽዋው ከሞጣ ወጥቶ አያውቅም» ትላለች አስናቀች። «ደግሞስ እስከ ወሩ…» ቀሪውን ትውጠዋለች።

«ካልቆየሁ ስርጉት ታቀርበዋለች። ጠላው ግን በእኔ እጅ ይጀመር።»

አስናቀች ነርሷን ታያለች።

«መድኃኒቱን በሰዓቱ ከወሰዱ ቁጭ ማለት ይችላሉ» ትላለች ሊድያ። «ለሥቃዩ እኔ አለሁ። የጽዋው ነገር ግን የእናንተ ነው።»

አስናቀች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ከዚያ ወገቧን ይዛ ትቆማለች።

«እሺ! ሁሉንም ጭኜ አመጣቸዋለሁ። ለፈንታነሽም እኔው እነግራታለሁ። ጠላሽ ግን እንደ አምናው ውኃ ከሆነ፣ እመቤቴን፣ ደጅሽን ሳልረግጥ ነው የምመለሰው!»

«ያንን ውኃ እየደጋገመ ሲያስቀዳ ያመሸው ማን ነበር? ግድግዳ ይዘሽ አይደል የወጣሽው?»

«እሱ ጫማዬ ጠቦኝ ነው!»

ይርጋነሽ ትስቃለች። ሳቁ ጎኗን ይወጋታል፤ እሷ ግን ትስቃለች።

ስርጉት ለብቅል የሚሆን ገብስ በሰፌድ ታመጣለች። እናቷን በትራስ ደግፋ ታስቀምጣትና ሰፌዱን ከጉልበቷ ላይ ታኖርላታለች። የከሱት ጣቶች ገብሱ ውስጥ ይገባሉ።

«ያምዎታል?» ትላታለች ሊድያ ጎንበስ ብላ።

«ያመኛል። ገብሱም እንክርዳድ አለበት» ትላለች ይርጋነሽ፣ ሰፌዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዘነበለች።