የሌንሴ ጫካ

ሌንሴ የዝግባዋን ችግኝ ጉድጓዱ ውስጥ አቁማ፣ ከአዲስ አበባ የመጣውን ታላቅ ወንድሟን "ጋሼ፣ ቀጥ አድርገህ ያዝልኝ" አለችው። ገመቹ ተንበርክኮ ያዘላት። እናታቸውን አስታማ ከቀበረች ወዲህ፣ አምቦ ያለውን ጓሯቸውን ጫካ ልታደርገው፣ ዝግባና ወይራውን ከኋላ፣ ቁጥቋጦውን ከሥር አድርጋ በደብተር ነድፋ ጨርሳ ነበር።

"ጥላ ሲኖረው ልጆችህን ይዘህ ትመጣለህ" አለችው፣ አፈሩን በመዳፏ እየጠቀጠቀች።

ገመቹ እስክትጨርስ ጠበቃት። "ቤቱን ሸጬዋለሁ" አላት። "ካርታው በእኔ ስም ነው። ሰኞ ዶዘር ይገባል።"

"እኔስ?"

"አንቺ ምን ቸገረሽ? ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ።" ጭቃ የነካው እጁን ዘረጋላት። ሌንሴ ለችግኟ የቀዳችውን ውሃ አንሥታ፣ እጁ እስኪጠራ አስታጠበችው።